የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር፦ የቦረና ላሞችን ከብሩሴሎሲስ ስለ መከተብ

በቦረናና በአካባቢው ቆላ ስለሚገኙ ከብቶች ብሩሴሎሲስ የተጻፉ ጥናቶችን ደርድራችሁ ብታነቡ አንድ ነገር ትታዘባላችሁ። መግቢያቸው፣ ናሙናቸውም ሆነ ቁጥራቸው ይለያያል። መጨረሻቸው ግን በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ ለሕዝቡ ግንዛቤ ይፈጠር፣ እንደ ክትባት ያሉ የመቆጣጠሪያ እርምጃዎችም ይወሰዱ። ነጥብ። ጥናቱ እዚያ ላይ ያልቃል።

ይህ ጽሑፍ በዚያች የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ላይ የቀረበ ሂስ ነው። ጥናቶቹ ስህተት ናቸው አልልም። እንዲያውም ደም ለመቅዳት በጠራራ ፀሐይ ከመንጋ መንጋ ያልዞረ ሰው በእነሱ ላይ ምላሱን ባያስረዝም ጥሩ ነው። ግን እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። በእኛ ሙያ «ድልድይ ይሠራ» ብሎ የሚያልቅ ሪፖርት ሪፖርት አይባልም። የወንዙ ስፋት ስንት ነው? ምን ይጫንበታል? በስንት ዓመት ያልቃል? «ከብቶቹ ይከተቡ» የሚለውንም እንደዚሁ እንጠይቀው።

መጀመሪያ በሽታውን እንተዋወቅ። ብሩሴሎሲስ በከብት ላይ በዋናነት የውርጃ በሽታ ነው። ላሟ እርግዝናዋ ከተጋመሰ በኋላ ትጨነግፋለች፣ እንግዴ ልጁ አልወርድ ይላል፣ ወተቷም ይቀንሳል። ኮርማውን ቆለጡን ያሳብጠዋል። በሽታው የቆየባቸው ከብቶች ጉልበታቸው ላይ እብጠት ሊያወጡ ይችላሉ። ባክቴሪያው በብዛት የሚወጣው ላሟ በምትጨነግፍበት ወይም በምትወልድበት ጊዜ ከሚፈሰው ፈሳሽና ከእንግዴ ልጁ ጋር ነው። በወተትም ይወጣል።

ወደ ሰው የሚገባውም በእነዚሁ መንገዶች ነው፦ ባልተፈላ ወተት፣ ወይም ላም በሚያዋልድና እንግዴ ልጅ በሚያወጣ ባዶ እጅ። ሰው ላይ የሚመላለስ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማትና አልላቀቅ የሚል ድካም ያመጣል። ምልክቱ ወባንም ታይፎይድንም ስለሚመስል ብዙ ጊዜ የሌላ በሽታ መድኃኒት ይታዘዝለታል። በትክክል ሲታወቅ እንኳ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ሁለት መድኃኒቶችን ለስድስት ሳምንት ያህል ሳያቋርጡ መውሰድ ነው። ከብት ተከትሎ ለሚንቀሳቀስ ሰው ስድስት ሳምንት ቀላል አይደለም። ነገሩ የላም ጉዳይ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፉ በሽታዎች ቅድሚያ የሚሰጣቸውን አምስቱን ስትመርጥ ብሩሴሎሲስን ከእብድ ውሻ በሽታና ከአባ ሰንጋ ጋር ያካተተችውም በከንቱ አልነበረም።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የታወቀ የቦረና ጥናት ደማቸው ከተመረመረ ከብቶች 8.0 በመቶው፣ ከግመሎች 1.8 በመቶው፣ ከፍየሎች 1.6 በመቶው የብሩሴላ ፀረ እንግዳ አካል እንደተገኘባቸው ይናገራል። ከዚያ በፊት በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በቦረና ትኩሳት ይዟቸው ከተመረመሩ ሰዎች ከሦስት አንድ ያህሉ ላይ የብሩሴሎሲስ ምልክት በደም ምርመራ አግኝቷል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው «ከላሙ ይልቅ ሰው ነው የታመመው እንዴ?» ሊል ይችላል። አይደለም። ሁለተኛው ቁጥር የታመሙ ሰዎች ተመርጠው የተለኩበት ነው፤ የመጀመሪያው ደግሞ ጤነኛውም በሽተኛውም የተቀላቀለበት መንጋ ነው። ክፍልፋይ ስታዩ ሁልጊዜ ከታች ያለውን ቁጥር ጠይቁ፦ ከማን ውስጥ ነው የተቆጠረው?

ከሁሉ የከበደኝ ጥያቄ ግን የትኛው ብሩሴላ ነው የሚለው ነው። ብሩሴላ አንድ ባክቴሪያ ሳይሆን ቤተሰብ ነው። ዴቪድ ብሩስ በ1887 እ.ኤ.አ. በማልታ ደሴት ከሞቱ ወታደሮች ጣፊያ ያገኘው «ሜሊቴንሲስ» የሚባለውን ነው። ቴሚስቶክለስ ዛሚት በ1905 ምንጩ የፍየል ወተት መሆኑን አሳየ። የዴንማርኩ በርንሃርድ ባንግ ደግሞ በ1897 ከሚጨነግፉ ላሞች «አቦርተስ» የተባለውን ለየ። ሜሊቴንሲስ በዋናነት የፍየልና የበግ ነው፣ አቦርተስ ደግሞ የከብት። ሆኖም ከብት፣ ፍየልና ግመል አብረው በሚያድሩበት ቤት ድንበሩ የጠበቀ አይደለም።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ጥናቶቹ በብዛት የሚጠቀሙባቸው የደም ምርመራዎች፣ ማለትም ሮዝ ቤንጋልና የመሳሰሉት፣ ሁለቱን መለየት አይችሉም። ምርመራው የሚያየው የባክቴሪያውን ውጫዊ ቅባት ሲሆን እሱ በሁለቱም ላይ ተመሳሳይ ነው። ታዲያ «ላሞቹ ይከተቡ» ስንል ምንጩ ላሟ መሆኗን በምን አወቅን? በአንድ ግቢ ውስጥ ዋናው ምንጭ ፍየሏ ከሆነች ላሟን ብቻ መከተብ የሚያፈሰውን ቧንቧ ትቶ ወለሉን መወልወል ይሆናል። መልሱ የሚገኘው ከጨነገፈች ላምና ፍየል ናሙና ወስዶ ባክቴሪያውን በማሳደግ ወይም ዘረመሉን በማየት ነው። ይህ ውድም አደገኛም ሥራ ነው፤ ባክቴሪያው የላቦራቶሪ ሠራተኛውን ራሱን ይይዛል። ግን ያለ እሱ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር መሠረት የላትም።

እሺ፣ ምንጩ ላሟ ናት እንበል። በምን እንከትባት? ከሁሉ የቆየው የከብት ክትባት «ኤስ-19» ነው። ታሪኩ ደስ ይላል፦ ጆን ባክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1923 ከአንዲት ጀርሲ ላም ወተት የለየው ባክቴሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ተረስቶ ሲገኝ የማሳመም ኃይሉ ተዳክሟል። ያ የተረሳ ብልቃጥ እስካሁን ድረስ ሌሎች ክትባቶች የሚመዘኑበት መለኪያ ነው። የመከላከል አቅሙ በተለምዶ ከ65 እስከ 75 በመቶ ይገመታል። ሕያው ባክቴሪያ ስለሆነ ግን ጠባይ አለው። እርጉዝ ላም ላይ ሙሉ መጠኑ ከተወጋ ሊያስጨነግፍ ይችላል። ኮርማ አይከተብም። ከታችኛው የሙቀት መጠን 2 እስከ ላይኛው 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ መቀመጥ አለበት፤ ከተበጠበጠ በኋላም በሰዓታት ውስጥ ማለቅ ይኖርበታል። ከሁሉም በላይ መርፌው ሐኪሙን ራሱን ከወጋው ወይም ፈሳሹ ዓይኑ ውስጥ ከገባ ሰውየው ሊታመም ይችላል።

ሁለተኛው አማራጭ «አርቢ-51» ነው፤ በአሜሪካ ከ1996 ጀምሮ ያገለግላል። ውጫዊ ቅባቱ የተቆረጠ በመሆኑ የተከተበችው ላም በተለመደው የደም ምርመራ «በሽተኛ» አትባልም፤ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት የሚቋቋም ዝርያ ነው። ይህ መድኃኒት ደግሞ የሰው ብሩሴሎሲስ ከሚታከምባቸው ዋናዎቹ አንዱ ነው። ለፍየልና ለበግ የሚሰጠው «ሬቭ-1» ደግሞ ስትሬፕቶማይሲንን ይቋቋማል። አያችሁ? ለላሟ የምንመርጠው ክትባት ድንገት ለሚወጋው ሰው የትኛው መድኃኒት እንደሚቀርለትም አብሮ ይወስናል። «ክትባት» የሚለው አንድ ቃል ይህን ሁሉ ውሳኔ ዋጥ አድርጎታል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው «የደስታ በሽታን አጥፍተን የለ እንዴ?» ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ የምንኮራበትም ታሪክ ነው። ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአፋር ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ተሸክመው መኪና የማይደርስበት የሄዱት ከማኅበረሰቡ የተመረጡ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ነበሩ። በ2011 ዓለም ከበሽታው ነፃ መሆኗ ታወጀ። ነገር ግን ንጽጽሩን ጠጋ ብላችሁ እዩት። የደስታ በሽታ ክትባት አንዴ ከተሰጠ ለዕድሜ ልክ ያህል ይከላከላል፣ ለወንድም ለሴትም ይሰጣል፣ የሚከትበውን ሰው አያሳምምም። በሽታው ራሱ ከብቱን በቀናት ውስጥ ይጥላል፤ ስለዚህ አርቢው ክትባቱን ሩጦ ይፈልገዋል። ብሩሴሎሲስ ግን ዝምተኛ ነው። ያዥው ላም ቆማ ትግጣለች፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ጭንገፋ በኋላ ደህና ትወልዳለች፣ ባክቴሪያውን ግን ትረጫለች። ከአፋር የምንወስደው ትምህርት ክትባቱን ማን ይወስዳል የሚለውን ነው። «አንድ ዘመቻ ይበቃል» የሚለውን ግን ከዚያ መዋስ አንችልም።

ለምን አይበቃም? ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ ወረቀት አያስፈልግም። ኤስ-19 በተለምዶ የሚሰጠው ከሦስት እስከ ስምንት ወር ለሆናት ሴት ጥጃ ነው። በአርብቶ አደር አያያዝ አንዲት ጊደር ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልደው አራት ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው። በሽታው በብዛት የሚተላለፈው ደግሞ በወሊድና በጭንገፋ ጊዜ ነው። ስለዚህ ዛሬ የከተብናት ጥጃ ክትባቷ ሥራውን የሚጀምረው ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ ነው ማለት ይቻላል። ሦስት ዓመት የሚቆይ ፕሮጀክት ብንነድፍ ፕሮጀክቱ ተዘግቶ፣ መኪናው ተመልሶ፣ ሪፖርቱም ታትሞ፣ ከተከተቡት ጥጆች አንዷም ገና አልወለደችም።

እንቀጥል። ለምሳሌ ያህል በየዓመቱ ከስምንት ላሞች አንዷ በአዲስ ጊደር ትተካለች ብለን እናስብ፤ አዲስ የምትገባው ሁሉ ደግሞ ሳትቀር ተከትባለች። የመጀመሪያዎቹ የተከተቡ ጊደሮች መንጋው ውስጥ መግባት ከጀመሩ ከአምስት ዓመት በኋላ ከላሞቹ የተከተቡት 49 በመቶ ያህል ይሆናሉ። ክትባቱ በ70 በመቶ የሚሠራ ከሆነ በእርግጥ የተጠበቁት 34 በመቶ ናቸው። በአሥረኛው ዓመት 52 በመቶ። ይህ አንዲት ጥጃ እንኳ ሳታመልጠን ነው! ከአሥር ጥጆች ስድስቱን ብቻ ካገኘን በአምስተኛው ዓመት የተጠበቁት ወደ 20 በመቶ ይወርዳሉ። እነዚህ የእኔ ግምታዊ ቁጥሮች ናቸው፤ ስምንቱን ወደ ስድስት ወይም ወደ አሥር ቀይራችሁ ራሳችሁ ሞክሩት። ብትቀያይሩትም መልእክቱ ያው ነው፦ የጥጃ ክትባት እንደ መንገድ ጥገና በየዓመቱ የሚሠራ ሥራ ነው። ማፍጠን ካስፈለገ ትልልቅ ላሞችንም በተቀነሰ መጠን በዓይን ጠብታ መከተብ ይቻላል፤ የማስጨነግፍ አደጋው ይቀንሳል፣ ግን ዜሮ አይሆንም። እርጉዟ ላም የእሱ ብቸኛ ሀብት ለሆነች ሰው ያንን «ዜሮ አይሆንም» ቁጭ ብሎ ማስረዳት ግድ ነው።

«ታዲያ መርምሮ የታመሙትን ማረድ አይሻልም?» የሚልም አለ። አንዳንድ ሀብታም አገሮች በሽታውን የጨረሱት በዚያ መንገድ ነው። እስቲ ሺህ ላሞች እንውሰድ፤ 80ው ታማሚ ናቸው። ምርመራው ከታመሙት 90 በመቶውን ያገኛል፣ ጤነኛዋንም በ98 በመቶ በትክክል ጤነኛ ይላታል እንበል። ከታመሙት 72ቱን እናገኛለን፣ 8 ያመልጡናል። ከ920ዎቹ ጤነኞች ደግሞ 18 ያህሉን በስህተት «ታማሚ» እንላቸዋለን። እንዲታረዱ ከተባሉት 90 ላሞች ከአምስት አንዷ ምንም የሌለባት ናት፤ ያመለጡት ስምንቱ ደግሞ ነገ ጉድጓዱ ጋ ከሌሎቹ ጋር ይጠጣሉ። ካሳ በሌለበት ይህን ለአርቢ ማቅረብ ምርመራን እንዲሸሽ ማስተማር ነው።

ጉድጓድ ካልን ዘንድ፣ ጥናቶቹ በብዛት ስለሚያልፉት ነገር እናንሳ፦ የቦረና መንጋ በአጥር የተከበበ እርሻ አይደለም። «ቱላ» የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች በደረቁ ወራት ብዙ መንጋ ያገናኛሉ። ተራውን «አባ ሄሬጋ» ያስከብራል፤ ከብቶቹም ብዙውን ጊዜ በሦስት ቀን አንዴ ይጠጣሉ። ለአንድ መሐንዲስ ይህ ሕልም ነው፦ የታወቀ ቀን፣ የታወቀ ተራ፣ ጠባብ መግቢያ። «የክትባት ጣቢያውን እዚህ እንትከለው» ያሰኛል። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እንዲሁ ነበር። ግን ቆይ፤ የምንፈልገው ማንን ነው? ከሦስት እስከ ስምንት ወር የሆናትን ጥጃ። ትንንሽ ጥጆች ደግሞ ከትልቁ መንጋ ጋር ወደ ጉድጓድ አይነዱም። መንደር አካባቢ ይቀራሉ፤ «ካሎ» በሚባለው የተከለለ ግጦሽ ይውላሉ፣ ሣር እያጨዱ ውኃም እየተሸከሙ የሚያሳድጓቸው በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። እንግዲህ የጥጃ ክትባት ዘመቻ ከጉድጓዱ አባት በፊት የቤቷን እመቤት ማነጋገር አለበት ማለት ነው። የትኛዋ ላም እንደጨነገፈች፣ የየትኛዋ እንግዴ ልጅ እንደዘገየ የምታውቀውም አላቢዋ እሷ ናት። በስብሰባ የሚጠራው ግን ብዙ ጊዜ ባሏ ነው።

ሌላም አለ። ቦረናዎች የሚታለቡትን ላሞች «ወራ» ብለው መንደር አጠገብ፣ የማይታለቡትን «ፎራ» ብለው ራቅ ወዳለ ግጦሽ ይለያሉ። ላም የሌለው ዘመድ በ«ደባሬ» የምትታለብ ላም በውሰት ይወስዳል። ድርቅ የመታው ሰው ደግሞ በ«ቡሳ ጎኖፋ» ከጎሳው ከብት ይሰበሰብለታል። እነዚህ ሰውን ከረሃብ ያተረፉ ሥርዓቶች ናቸው፤ ለባክቴሪያው ግን መንገድ ናቸው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. «ጋና» የሚባለው ዋናው ዝናብና «ሃገያ» የሚባለው አጭሩ አምስት ጊዜ ተከታትለው ሲከሽፉ በቦረና እጅግ ብዙ ከብት አለቀ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መንጋን እንደገና መተካት ነው፤ በዘመድም፣ በገበያም፣ በእርዳታ ድርጅትም። ሳይመረመሩ ከየቦታው የተሰበሰቡ ጊደሮችን ለችግረኛ ቤት ማደል በሽታን በስጦታ ማደል ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ከዚህ የተሻለ የመከተቢያ ጊዜ የለም፤ ጊደሮቹ በአንድ ቦታ ተሰብስበዋል፣ ዕድሜያቸው ትንሽ ነው፣ ገና አላረገዙም። ከድርቅ በኋላ የሚታደል ጊደር ሁሉ ተመርምሮ፣ ተከትቦ፣ ጆሮው ላይ ምልክት ተደርጎለት ቢሰጥ ያቺን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ከምኞት ወደ ሥራ ያወርዳታል።

ገንዘቡስ? በሞንጎሊያ ላይ በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ስሌት እዚህ ይጠቅመናል። ለአሥር ዓመት የሚካሄድ የእንስሳት ክትባት የበሽታውን መተላለፍ በ52 በመቶ ቢቀንስ፣ ለመላው ኅብረተሰብ የሚያመጣው ጥቅም ከወጪው 3.2 እጥፍ እንደሚሆን አስልቷል። ወጪው እንደ ጥቅሙ ድርሻ ቢከፋፈል ደግሞ የጤናው ዘርፍ 11 በመቶውን ብቻ ይሸፍን ነበር። ሞንጎሊያ ቦረና አይደለችም፤ ቁጥሩን ቀድቶ ማምጣት አይቻልም። ጥያቄው ግን ይመጣል፦ ላሟን የግብርናው፣ ሰውየውን የጤናው መሥሪያ ቤት ሲቆጥር፣ ሁለቱን ደምሮ የሚያይ ማነው?

ለጥናቶቹ ፍትሐዊ ልሁን። በሽታው መኖሩን፣ የት እንዳለና በማን ላይ እንደሚበዛ ያሳዩን እነሱ ናቸው፤ ያለ እነሱ ይህን ሂስ እንኳ መጻፍ አልችልም ነበር። የምጠይቀው አንዲት ዓረፍተ ነገር እንዲያስረዝሙ ብቻ ነው። «ከብቶቹ ይከተቡ» ከማለት ይልቅ፦ መጀመሪያ ከጨነገፉ ላሞችና ፍየሎች የባክቴሪያው ዓይነት ይለይ፤ ከዚያ በተለየው ዓይነት መሠረት ክትባቱ ይመረጥ፤ ጥጆች በየመንደሩ በእናቶች በኩል፣ ጊደሮች ደግሞ በመንጋ መተካት ጊዜ ይከተቡ፤ ከታቢዎቹ ጓንትና የዓይን መከላከያ ይኑራቸው፤ በጀቱም ቢያንስ ለአሥር ዓመት ይታሰብ። ረዘመ አይደል? ግን አሁን የሚሠራ ሰው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

እስከዚያ ድረስ ነጌሌም ሁኑ ያቤሎ፣ ሜጋም ሁኑ ሞያሌ፣ በእጃችሁ ያለ አንድ መሣሪያ አለ፤ እሳት። ወተት ገንፍሎ ከፈላ ብሩሴላ ይሞታል፤ ማርጋትና ዕቃውን ማጠን ግን ለዚህ አይታመኑም። ለላም አዋላጁ ደግሞ ጓንት፣ ከጠፋም ንጹሕ ፌስታል እጅ ላይ። የጨነገፈውንና እንግዴ ልጁን ውሻ እንዳይጎትተው በጥልቅ መቅበር። ይህን መጻፍ ለእኔ ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ወተት ማፍላት ማለት ተጨማሪ እንጨት ነው፣ እንጨቱን የምትለቅመውም ጥጆቹን የምታሳድገው ያቺው ሴት ናት። ለዚህም ነው ሸክሙን ሁሉ ለእሷ ትተን «ግንዛቤ ይፈጠር» ብለን መዝጋት የማይገባን።